በበረዶው ቀን ስለ ባለቤቴ የተናገርኩት

ባለቤቴ ግራ እጇን ከደረቷ በላይ ማንሳት ያቃታት ከሦስት ዓመት በፊት በግንቦት ነው። መጀመሪያ የታወቀን ልብስ ስታሰጣ ነበር። እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ገመዱ ሥር ቆማ ቀረችና "ና እስቲ፣ ይቺን ጣልልኝ" አለችኝ። ጣልኩላት። "ከመቼ ወዲህ ነው ያጠርሽው?" ብዬ ቀልጄባት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እኔ ሸማኔ ነኝ። ሙያው የአባቴም የአያቴም ነው፤ ከደቡብ ደጋ አገር ይዘውት መጥተው ሽሮ ሜዳ ሥር ተከሉት። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ጉለሌ ነው፣ ያረጀሁትም እግሬን እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ነው። ጉድጓድ የምለው የሽመናውን ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ግማሹን ያ ጉድጓድና በላዩ የቆመው የሽመና ዕቃ ይዞታል፣ በቀረው ግማሽ አልጋችን፣ ቁም ሳጥናችንና ሁለት በርጩማ ተጠጋግተዋል። በእኛ ዘንድ ሥራው ከጥንት ጀምሮ የተከፈለ ነው፤ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን የእናቴን እንዝርት አንስቼ ሳሽከረክር አባቴ አየኝ። አልተቆጣም። "አስቀምጥ፤ እንዝርት የያዘ ወንድ ጢም አያበቅልም" ብቻ ነው ያለኝ። አስቀመጥኩት። ጢም ካበቀልኩ በኋላም አልነካሁትም።

ባለቤቴ ፈታይ ናት። ዛሬ ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩንም ማጉንም የፋብሪካ ክር ያደርገዋል፤ ይፈጥናል፣ ገዢውም ብዙ አይጠይቅም። የእኛን ቤት ያቆመው ግን የእሷ እጅ ነበር። ማግ ማለት በድሩ መሐል እየተመላለሰ ሸማውን የሚሞላው ክር ነው። የእሷ ማግ የገባበት ነጠላ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል እንጂ አይሳሳም። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ አንዲት ነጋዴ ነበሩ፤ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያላቸው፣ የድሮ አዲስ አበባ ሰው፣ ጾም የማይገድፉ ሴት። እኛ እትዬ ብቻ ነው የምንላቸው። የእጅ ፈትል የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣላቸው ሥራውን ወደ እኛ ይልኩታል። ሠርቼ ስወስድላቸው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው መሐል እያሹ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ይቺ የእሷ ናት" ይላሉ። የእኔ ናት ብለው አያውቁም። ይህ ነገር አይከፋኝም ብዬ አስብ ነበር።

አንሶላው ከተሰጣ ከሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ የባለቤቴን ክንድ ወደ ላይ ለማንሳት ሞከረች፣ ባለቤቴ ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ ተይዟል፣ ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ምናልባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል አለችን። ጭኗ ላይ አድርጋ የምትሠራውን ሁሉ መሥራት ትችላለች፤ እጇን ከደረቷ በላይ የሚያወጣውን ግን ተዪው ተባለች። ፈትል ደግሞ ከደረት በላይ ያወጣል። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ አንከባሎ ይለቀዋል፤ ግራ እጅ ጥጡን እንደያዘ ወደ ላይ፣ እስከ ራስ ድረስ ይሄዳል፤ ክሩ በሁለቱ መሐል ነው የሚወጣው።

ስንመለስ አዲሱ ገበያ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ሰልፉ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ "ለማንም እንዳትናገር። እትዬ ከሰሙ ሥራው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል" አለችኝ። ለማን እናገራለሁ ብያት ታክሲው መጣ።

ሰኔ ሲያልቅ እትዬ ትልቅ ሥራ ላኩብን። አንድ ደንበኛቸው በጥቅምት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ለወላጆች ጋቢ፣ ለእናት ነጠላ፣ ሁሉም የእጅ ፈትል፣ ሁሉም "የእሷ" እንዲሆን። እምቢ ብንል ምክንያቱን መጠየቃቸው አይቀርም። ከገበያ የተፈተለ ማግ ገዝቼ ደበቅ አድርጌ አመጣሁ። ባለቤቴ አንዱን ልቃቂት አንስታ ክሩን በጥፍሯ ሳብ አደረገችውና መልሳ አስቀመጠችው። እትዬ ይህን በአንድ ጣት ያውቁታል አለች። ከዚያ እንዝርቷን አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችና፣

"አንተ ፍተል" አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ፤ በአራተኛው ቀን በሩን ዘግተን ጀመርን። መጋረጃውንም ጋረድኩ። እሷ ባዘቶውን፣ የተነደፈውን ጥጥ ማለቴ ነው፣ በትንሽ በትንሹ እየጠቀለለች ትሰጠኛለች። እኔ ሱሪዬን ከጉልበቴ በላይ ሰብስቤ እንዝርቱን ጭኔ ላይ አንከባልለዋለሁ። የመጀመሪያው ክሬ አንድ ቦታ ገመድ፣ አንድ ቦታ የሸረሪት ድር ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ተበጠሰ። ሁለተኛውም ተበጠሰ። እንዝርቱ ከእጄ አምልጦ አልጋው ሥር ገባና እሱን ፍለጋ በሆዴ ስሳብ ከላዬ ሳቅ ሰማሁ። ትከሻዋ ከተያዘ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐምሌ ሙሉ እንደዚያ አለፈ። ጠዋት ጠዋት እሸምናለሁ፣ ከሰዓት በሩ ተዘግቶ እፈትላለሁ። እጄ ቀስ እያለ ለመደ። ያኔ ለማንም የማልናገረው፣ ለራሴም የማልናገረው ነገር ነበር፦ ወድጄው ነበር። በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ፊቴ ወደ ድሩ ነው፣ ጀርባዬ ወደ ቤቱ። በፈትል ግን ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ያን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን የተቀመጥን አይመስለኝም።

በረዶው የወረደው በነሐሴ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ማግ አልቆብኝ ጉድጓዱን ትቼ አልጋው ጫፍ ላይ እንዝርት ይዤ ተቀምጫለሁ። እሷ አጠገቤ ጋቢ ተከናንባ ሹራብ ትሠራለች። ልጃችን አግብታ ቡራዩ ነው የምትኖረው፤ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። ባለቤቴ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆንላት ሲላት ለሚወለደው ሕፃን ሹራብ ጀመረች። ሹራብ ጭን ላይ ነው የሚያልቀው፤ ሁለቱ መርፌዎች ከሆድ ከፍ አይሉም።

ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ክረምት ነውና ማንም ልብ አላለውም። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ እንደ ሽንብራ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ድንጋይ የሚወረውርብን መሰለ። መብራት ጠፋ። በበሩ ሥር ነጫጭ ጠጠሮች እየተንከባለሉ ገቡ፤ ተከትሎም ውኃው ገብቶ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ አየን። ተነስቼ ድሩን ከፍ አድርጌ አሰርኩት፤ ከዚያ በላይ ማድረግ የሚቻል ነገር አልነበረም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ወደ ውጭ ሳይ ግቢው ባዘቶ የተበተነበት ይመስላል። እንደዚያ የነጣ ጉለሌ አይቼ አላውቅም።

ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፁ እንኳን ሰው ሊያናግር ሐሳብም አያሳስብም። በመስኮቱ በሚገባው ትንሽ ብርሃን እኔ እፈትላለሁ፣ እሷ መርፌዋን ታጋጫለች። ክሩን ሳጠብቅ በሹራቧ መርፌ ጉልበቴን ነካ ታደርገኝና በአፏ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ "ላላ" ትለኛለች። ላላ አደርጋለሁ። ቆይታ አየት ታደርገኝና ራሷን ትነቀንቃለች። ከዕድሜዬ የትኛውን ቀን መልሰህ ትኖራለህ ቢሉኝ ያቺን ግማሽ ሰዓት እላለሁ፤ በሩ እስከ ተከፈተበት ድረስ ያለውን ብቻ።

በሩን የገፋው ጎረቤቴ ነው። እሱም ሸማኔ ነው፣ አብሮ አደጌ፣ ቤቱ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለ፣ ቸርና ወሬ የማያድርበት ሰው። በራሱ ላይ የፕላስቲክ ሳፋ ደፍቷል፤ በሳፋው ሥር እትዬ አሉ። የሥራውን ነገር ሊያዩ ወደ እኛ ሲመጡ በረዶው መንገድ ላይ ይዟቸው፣ እሱ ከአንድ አጥር ሥር አግኝቷቸው ወደ ቅርቡ በር ይዟቸው ሮጠ። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያች ሰዓት የማውቀው እነሱ በሩ ላይ መቆማቸውን ነው። እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ባዶ ጭኔን አውጥቼ፣ ግራ እጄን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ ሰቅዬ፣ እንዝርቱ በክሩ ላይ እየዞረ ተቀምጬ ነበር።

ባለቤቴ ብድግ ብላ ለእትዬ ፎጣ ሰጠች፣ በርጩማ አቀረበች። ጎረቤቴ ሳፋውን አስቀምጦ ፈገግ እያለ ያየኛል። እትዬም እኔን አዩ፣ ከዚያ አልጋው ላይ የተቀመጠውን ሹራብ አዩ፣ ከዚያ ባለቤቴን አዩ። ማንም መናገር አልቻለም፤ ቆርቆሮው አሁንም ይጮኻል። ባለቤቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና ሹራቧን አነሳች።

ይህን ጊዜ ነው ደጋግሜ የማስበው። ሰው በድንገት አፉ ያመልጠዋል፣ ይባላል። የእኔ አላመለጠኝም። ጊዜ ነበረኝ። በረዶው ጋብ እስኪል ምናልባት አምስት ደቂቃ፣ ምናልባት አሥር፣ የምናገረውን እየመረጥኩ ቆየሁ። የአባቴ ጢም ትዝ ብሎኛል። ጎረቤቴ ነገ ለስንት ሰው እንደሚያወራ አስልቻለሁ። "መፍተል ፈልጌ ነው" ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። ድምፁ ሲቀንስ በቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው የእኔ ቃል ነው።

"ምን ላድርግ ብላችሁ ነው? ክረምት ሲገባ የእኔ እመቤት ከሹራብ በቀር በእጃቸው የሚይዙት የለም። እኔ ካልፈተልኩ ማን ይፍተል?"

ጎረቤቴ በሳቅ ፈነዳ። ጭኑን እየመታ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ሱሪዬን ወደ ታች እየሳብኩ። እትዬ አልሳቁም፤ ፈገግ ብለው ባለቤቴን አዩና፣

"እኔ ደግሞ ሥራው ሲዘገይብኝ አሟት ይሆናል ብዬ ስጨነቅልሽ ነበር" አሉ።

ያ ለእኔ የተከፈተ በር ነበር። ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም። የያዘችውን ረድፍ እስከ መጨረሻው ሠራች።

"ክረምቱ ነው እትዬ። ስንፍና ያዘኝ" አለች።

ከዚያ ሹራቡን አጣጥፋ ከትራሱ ሥር አደረገችው። እጇን ዘርግታ እንዝርቱን ከእጄ ወሰደች። ቀሚሷን አስተካክላ፣ ጥጡን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን አንከባላ ለቀቀችው፤ ግራ እጇም ወደ ላይ ሄደ። ከደረቷ አለፈ። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ግን ቆሞ አየሁት። ክሩ ቀጭንና ትክክል ሆኖ ወረደ። እትዬ "እንዲህ ነው እንጂ፣ ይሄን ሙያ ይዘሽ!" አሉ። ጎረቤቴ "በሉ፣ በረዶውም ለበጎ ነው የመጣው" አለ። እሷ ደግማ አነሳችው፣ ደግማ። እንግዶቹ ተነስተው እስኪሄዱ ድረስ ፈተለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ተይ አላልኳትም። ተይ ብል ለምን ተይ አልክ ይሉኛል፤ ስለዚህ ለእንግዶቹ ስለ በረዶው አወራሁላቸው።

ሲሄዱ ጉድጓዱ ውስጥ የገባውን ውኃ በጣሳ ቀዳሁ። እሷ ምድጃ ለኮሰች። መሸት ሲል ሻሿን ልትፈታ ሞከረችና እጇ አልደርስ አላት፤ ሄጄ ፈታሁላት። ያን ጊዜ ሰበቤን አቀረብኩ። ምስጢርሽን ልጠብቅ ብዬ ነው፣ ትከሻዋን አሟታል እንዳልል፣ እትዬ እንዳይሰሙ ብዬ ነው አልኳት። እውነት እንዲመስል ብዙ አወራሁ። ሻሹን ከእጄ ተቀበለችኝ።

"ስለ ትከሻዬ እንዳትናገር ነው የለመንኩህ። ስለ እኔ ዋሽ አላልኩህም" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ለትንሽ ሳምንታት ያቺን ሰበብ እኔው ራሴ አመንኩባት። ከዚያ ሰበቡም አለቀብኝ። እኔ የጠበቅሁት የእሷን ምስጢር ሳይሆን ጢሜን ነው።

ጎረቤቴ እንደፈራሁት አወራ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ወሬው አስቂኝ ሆኖበት ነው። በሳምንት ውስጥ ዳገቱን ወጥቶ ወረደ። የሚገርመው በእኔ ላይ አንድ ሰው አልሳቀም። ሸማኔዎቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ "አይ ትዕግሥትህ" ይሉኛል። በእድራችን ስብሰባ አንድ ሽማግሌ ስለ ትዳር ሲመክሩ፣ ስሜን ሳይጠሩ ወደ እኔ እያዩ፣ የሚስቱን ድካም የሚሸፍን ባል የተባረከ ነው አሉ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። ባለቤቴን ግን ሴቶቹ ውኃ ስትቀዳ "የሹራቧ እመቤት" ይሏታል። በቀልድ ነው። አንዷ ታላቃችን የሆነች ሴት ቤት ድረስ መጥታ፣ ሴት ልጅ በሥራዋ ነው የምትከበረው ብላ መከረቻት። ባለቤቴ አመስግና፣ እስከ በር ሸኝታት ተመለሰች።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ አታውቅም። ባዘቶውን አዘጋጅታ አልጋው ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እሷ ግን በርጩማዋን ወደ በሩ ወስዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች። ክሬ ሲበጠስ ትሰማለች፣ ዞር አትልም። የእንግዶቹ ቀን ትከሻዋን ክፉኛ ጎድቷት ነበር፤ እስከ መስከረም ጸጉሯን ማበጠር አልቻለችም። እኔ ነበርኩ የማበጥራት። ፊት ለፊታችን መስታወት አልነበረንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሥራውን ጨርሼ መስከረም አጋማሽ ላይ ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ጋቢውን ዘርግተው በሁለት ጣታቸው አሹት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። "ጥሩ ነው" ብቻ አሉ። የእሷ ናት አላሉም። ያን ጊዜ ውስጤ የቆየው ሁሉ ገነፈለ። ሱቃቸው ውስጥ ቆሜ ነገርኳቸው። ትከሻዋን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ከግንቦት ጀምሮ እጇን ማንሳት እንደማትችል፣ ማጉን በሙሉ እኔ እንደፈተልኩት፣ በበረዶው ቀን የተናገርኩት ውሸት እንደሆነ። እየተናገርኩ ራሴን እንደ ጀግና አየሁት። እውነት ተናጋሪ ሆኜ፣ ቀለል ብሎኝ።

እትዬ ጋቢውን እያጠፉ ሰሙኝ። ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦

"አንተ ልጅ፣ ለእኔ ብቻ ለምን ትነግረኛለህ? የሰደብካት ሰው ፊት ነው።" ጋቢውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ደግሞ፣ "እንድትነግረኝ ፈቅዳልሃለች?" አሉ።

አልጠየቅኳትም ነበር፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አልመጣልኝም።

እትዬ ደግ ናቸው፣ ግን ነጋዴ ናቸው። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ክር ሥራ ይልኩልን ነበር እንጂ የእጅ ፈትል የሚባል ወደ እኛ አልመጣም። ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሌላ ቤት ሄደ፤ ባለቤቴ አዲሱ ገበያ ሰልፍ ውስጥ እንደፈራችው ማለት ነው። ለእትዬ መናገሬን ለእሷ የነገርኳት ሁለተኛው ወር የእጅ ፈትል ሥራ ሳይመጣ ካለፈ በኋላ ነው። ሹራብ እየሠራች ነበር፤ ልጃችን ወልዳለች፤ የመጀመሪያው ሹራብ ጠቦ ባለቤቴ ሌላ ጀምራለች። ሁሉንም ነገርኳት። መርፌዎቿን አላቆመችም።

"አሁን ቀለለህ?" አለችኝ።

ቀሎኝ ነበር። እዚያ ሱቅ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ቀሎኝ ነበር፤ እሱ ነው የሚያሳፍረው። ሁለት ጊዜ ነው የበደልኳት፤ አንዴ በውሸት፣ አንዴ በእውነት፣ ሁለቱንም ጊዜ ለራሴ ብዬ።

ያን ቀን ወጥቼ እስከ ሸጎሌ በእግሬ ሄድኩ፤ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። የከብት ገበያው እየተበተነ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው በጎቹን እየነዳ ሲያልፈኝ ደኅና ዋልክ አለኝ፤ ለበጎቹ መንገድ ለቀቅኩ። ስመለስ እሷን ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ፤ ግን ይቅርታውም ደግሞ ለእኔ ማቅለያ እንዳይሆን ፈራሁ። ስለዚህ በሩን ከፈትኩ፣ በርጩማውን ወደ ደጃፍ አወጣሁ፣ ሱሪዬን ሰበሰብኩ፣ መንገደኛ በሚያየኝ ቦታ መፍተል ጀመርኩ። ሥራ አልታዘዘልኝም፤ ማን እንደሚገዛው አላውቅም። የሰፈሩ ሰው አየኝ። ጥቂቶቹ "ዛሬም እመቤቲቱ አረፉ?" አሉ። ያቺ ቀልድ አሁንም በእሷ ላይ እንደምታርፍ ያኔ ገባኝ። በደጃፍ መቀመጥ ብቻውን ምንም አላስተካከለም።

የልጃችን ሁለተኛ ልጅ ክርስትና ባለፈው ዓመት በእኛ ቤት ተደገሰ። ቤቱ አይበቃም፣ ግቢው ላይ ድንኳን ጣልን። ጎረቤቴ ነበር፣ እድርተኛው ነበር፣ እትዬም መጥተዋል። ምግብ ቀርቦ ሰዉ ሲሟሟቅ ጎረቤቴ ያቺን ታሪክ ጀመራት። ሰው ደጋግሞ ሰምቷታል፣ አሁንም ይስቅባታል። "ሳፋ ደፍቼ በሩን ስከፍት..." ሲል ተነሳሁ።

"ውሸት ነው" አልኩ።

የምናገረውን አስቀድሜ አላዘጋጀሁም። ባለቤቴ ያን ጊዜ እጇን ማንሳት አትችልም ነበር አልኩ። እንዳትናገር ለምናኝ ነበር። እኔ ሰነፍ ናት ያልኩት እንዝርት ይዤ ስለታየሁ አፍሬ ነው። ከዚያ ታማ ሳለች እናንተ ፊት ፈተለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት። እሷ ሰነፍ ሆና አታውቅም። ይኸው ነው አልኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ሕፃኑ ብቻ ነበር የሚሰማው። ጎረቤቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፣ አሳዘነኝም፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ቀደም ሲል የመከሩን ሽማግሌ "ያለፈ ነገር ነው፣ በሉ ብሉ" አሉ። እትዬ ቀና ብለው አላዩኝም፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ትሪ ይዛ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን ለልጃችን ሰጥታ ወደ ቤት ገባች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። ድግሱን አበላሸህ አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁለት ሳህን አጥባ ካበቃች በኋላ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ሰምቻለሁ" አለች። ያን ለረጅም ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ላውቅ ሞከርኩ። ታርቄሃለሁ አላለችም። ሰምቻለሁ ነው ያለችው፤ ሰምታለች።

ትከሻዋ ዛሬ ለቋል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። አንሶላ ታሰጣለች፤ ሻሿን ራሷ ትፈታለች። ወደ ፈትል ግን አልተመለሰችም። ጠይቄያት ነበር፤ ጠገብኩ አለችኝ። ሹራብ ትሠራለች፣ የሰፈሩ እናቶች ለሕፃኖቻቸው ያሠሯታል፤ "የሹራቧ እመቤት" ማለቱም አልቀረም፣ አሁን ግን ሥራ ሊያዟት ሲመጡ ነው የሚሉት። እኔ እፈትላለሁ። ጎረቤቴ ለጥቂት ወራት አኩርፎኝ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ አባቱም ክረምት ክረምት በሩን ዘግቶ ይፈትል እንደነበር፣ ልጆቹ እንዳይናገሩ ያስምላቸው እንደነበር ነገረኝ። ብዙ አልሳቅንም።

ባለፈው ሳምንት ደጃፍ ላይ ስፈትል ባለቤቴ ሹራቧን ይዛ ወጣች። ሌላውን በርጩማ ከቤት አምጥታ አጠገቤ አደረገችው። ፀሐይ ፍለጋ ነው የመጣችው፤ የቤቱ ጥላ በዚያ ሰዓት እዚያ አይደርስም። ለብዙ ጊዜ የራሷን ሥራ ሠራች። እኔ እንዳላስበረግጋት ብዬ ወደ ክሬ ብቻ እያየሁ ቀጠልኩ። አንድ ጊዜ ክሩ ወፈረብኝ። እጇን ዘርግታ ያቺን የወፈረች ቦታ በጣቷ ያዘች፣ በጥሳ ጣለቻት።

"ከዚህ ጀምር" አለችኝ።